የሼህ ሷሊሕ የጠመንጃ መዝገብ

ሼህ ሷሊሕ በገዛ ደጃቸው ተገድለው የተገኙት ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ማጅራታቸው ተፈንክቷል፤ ከአጠገባቸው ደም የነካው ዘነዘና ወድቋል። ሚስታቸው ዘምዘም ከሮቢ ወንዝ ውሃ ቀድታ ስትመለስ አገኘቻቸውና ባሻ ይልማን አስጠራች።

ባሻ ይልማ ከጣሊያን በፊት ወንጀል መርማሪ ነበሩ። ጣሊያን ሸዋ ሮቢትን ከያዘ ወዲህ ባሉት ሦስት ዓመታት ግን ብዙ ሬሳ ስላዩ፣ ማሽላቸውን ከወፍ ከመጠበቅ በቀር የሚሹት ነገር አልነበረም። እያቃሰቱ መጡ።

«የጎደለ ነገር አለ?»

«ከመዝገቡ አንድ ቅጠል ተገንጥሏል» አለች ዘምዘም።

መዝገቡን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። እስላሙም ክርስቲያኑም ተማምሎ ነበር፤ ጣሊያን ቤቱን ያቃጠለበት ሰው ቤቱ በደቦ ይሠራለታል፣ ጠመንጃው አብሮ ከነደደም ይተካለታል። ለዚህም የየሰዉ ጠመንጃ ከነቁጥሩ ተጽፏል። ባንዳ እጅ ቢገባ እንዳይነበብ ሼሁ አማርኛውን በዐረብ ፊደል ነበር የጻፉት። ከእሳቸው ሌላ የሚያነቡት ዘምዘምና የጥጥ ነጋዴው አብዱልመጂድ ብቻ ናቸው።

«የተገነጠለው ምን ነበረበት?»

«ዱዓ። መጨረሻው ገጽ ላይ ዱዓ ጽፎ ነበር።»

«ለዱዓ ብሎ ሰው የሚገድል ማነው?» አሉ ባሻ።

በዚያ ጠዋት ወደ ሼሁ ቤት ሲሄዱ የታዩት ሦስት ሰዎች ናቸው።

«ሁለተኛ ጠመንጃዬን አላስመዘግብም ብዬ ተጨቃጭቀናል» አለ አብዱልመጂድ። «ወላሂ፣ ስወጣ ደህና ነበሩ።»

ባሏ የሞተባት አስካለ አለቀሰች። «የባሌን ጠመንጃ በስሜ አዞሩልኝ። መዝገቡን ከመሃሉ ገልጠው ዓይኔ እያየ ጻፉልኝ፤ መርቀውኝ ወጣሁ።»

ሦስተኛው ብርሃኑ ነው፤ ቤቱ ከተቃጠለ ስምንት ቀኑ። ሰደፉ የነደደ የጠመንጃ ብረት አመጣ። «ይሄን ላሳያቸው ሄጄ የሉም መስሎኝ ተመለስኩ። ከሁሉ ቀድሜ የማልኩትና የተጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እኔን ይጠረጥራሉ?»

ከጎኑ ከስቶ የገረጣ ሰው ተቀምጧል።

«ይሄ ማነው?»

«ወንድሜ ፀጋዬ ነው። ከጣሊያን እስር ቤት ተፈቶ ነው፤ ከቃጠሎው በፊት።»

«በምን ተፈታ?»

ብርሃኑ ብረቱን ዘረጋላቸው። ባሻ ብረቱን ተቀብለው ሄዱ።

ሐሙስ ዕለት መንደሩ ገዳዩን ለማውጣት ዋርካው ሥር ለአውጫጭኝ ተቀመጠ። ባሻ ይልማ በዱላቸው ተደግፈው ቆሙ።

«የአማርኛ መጽሐፍ ከግራ ይጀምራል፤ የዐረብ ከቀኝ። ገዳዩ የመጀመሪያውን ገጽ ፈልጎ በግራ በኩል ያለውን ገነጠለ። ያገኘው ግን የመጨረሻውን ነው፤ ዱዓውን። አብዱልመጂድ ይሄን አይስትም። አስካለ ደግሞ የሷ ከመሃል መጻፉን አይታለች። የመጀመሪያው ገጽ የማን ነው?»

ሁሉም ወደ ብርሃኑ ዞሩ።

«ዘምዘም፣ አንብቢ።»

«ብርሃኑ፣ አንድ ጠመንጃ፣ ቁጥሩ አራት ሺህ አንድ መቶ ሰባ ሁለት።»

ባሻ የነደደውን ብረት በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት። «እዚህ ላይ ያለው ስምንት መቶ ስድሳ ሦስት ነው። እንጨት ይነዳል፤ የብረት ቁጥር አይለወጥም። የራስህ ጠመንጃ የት ሄደ?»

ብርሃኑ በጉልበቱ ወደቀ። «ለጣሊያን አስረክቤ ወንድሜን አስፈታሁ። ቤቴን ያው አቃጠሉት። ባንዳ እንዳልባል አሮጌ ብረት አመዱ ውስጥ ከተትኩ። ሼሁ ቁጥሩን አይተው፣ መዝገቡን ሊያመጡ ዞር ሲሉ በዘነዘናው መታኋቸው።»

«እውነቱን ብትነግረው ኖሮ» አለች ዘምዘም ቀስ ብላ፣ «ይሰውርህ ነበር።»

ባሻ ይልማ ተቀመጡ። ያወቁት ነገር አላስደሰታቸውም። የደሙ ነገር እስኪፈረድ ብርሃኑ እንዳያመልጥ ከከሳሹ ከዘምዘም ወንድም ጋር ነጠላ ለነጠላ ተቋጥሮ ተቆራኘ።

ሰው ሊበተን ሲል አብዱልመጂድ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሚስቱና ልጆቹ ሜዳ ላይ ናቸው። ቤቱስ?»

ሁሉም ዘምዘምን አየ።

«የማልነው ጣሊያን ቤቱን ላቃጠለበት ሰው ልንሠራ ነው» አለች። «ቤቱ ነዷል። ጠመንጃ አይተካለትም፤ ቤቱን ግን ሥሩላቸው።»

በማግስቱ ወንዶቹ መጥረቢያቸውን ይዘው ግንድ ሊቆርጡ ወረዱ። እንደ ሌላው ጊዜ ደቦ ግን የዘፈነ አልነበረም።