የላይኛው ቱቦ

ጡረተኛው መምህር የሞቱት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ዳገቱ አጋማሽ፣ ከአሮጌ መኪናቸው ፊት በጀርባቸው ወድቀው ነው። ኮፈኑ ተከፍቷል፤ ከሞተሩ እንፋሎት ይትጎለጎላል። ፊታቸውን የፈላ ውሃ ልጦታል፤ የመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ደግሞ ማጅራታቸውን ሰብሮታል። ቦታው የደረሰው ትራፊክ ፖሊስ ብዙ አልተጨነቀም፤ «የጋለ ራዲያተር ሲከፍቱ የደረሰ አደጋ» ብሎ ጻፈና ሄደ።

መዝገቡ በማግስቱ ጠረጴዛዋ ላይ የደረሰላትን መርማሪ ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ዱቄቱን አሳልፋ ጠጠሩን ስለምትይዝ። ፎቶግራፎቹን ሁለት ጊዜ አየችና ትራፊኩን አስጠራችው።

«የራዲያተሩ ክዳን የት ወድቆ ተገኘ?»

ትራፊኩ አንገቱን አከከ። «ኧረ አልወደቀም። ቦታው ላይ ነው።»

«ተከድኖ?»

«ጥብቅ ብሎ።»

«ታዲያ ውሃው በየት ወጥቶ ገደላቸው?»

ትራፊኩ ፎቶግራፎቹን ወደ ራሱ ስቦ እንደገና ያይ ጀመር።

መኪናዋ ተጎትታ የገባችበት ጋራዥ ለዓመታት ስትጠገን የኖረችበት ነው። መካኒኩ ከቅጥነቱ የተነሳ «ሽቦ» ይባላል። መርማሪዋን ሲያያት እጁን በጨርቅ ደጋግሞ ጠረገ።

«መምህሩ ከሁለት ሳምንት በፊት ደንበኞቼ ፊት ‹ሌባ› ብለው ሰድበውኛል፤ አልክድም። ግን እጄ የለበትም።»

«አለበት ማን አለህ? እስኪ ኮፈኑን ክፈትልኝ።»

ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ አናት የሚሄደው ወፍራም የጎማ ቱቦ ከአፉ ወልቆ ተንጠልጥሏል። አንቆ የሚይዘው የብረት ቀለበት ላልቷል። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የቀለበቱን ብሎን አየች፤ ዝገቱ ላይ ሦስት አዳዲስ ጭረቶች ያብረቀርቃሉ።

«ይሄ በራሱ ይላላል?»

«ይላላል። ራሱን ግን አይቧጭርም» አለ ሽቦ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከቀብር መልስ ወደ ሟቹ ቤት ሄደች። በግቢው የሚኖሩት ባለቤታቸው፣ ሴት ልጃቸው ከስድስት ዓመት ልጇ ጋር፣ እና የጭነት መኪና ሹፌር የሆነው ታናሽ ወንድማቸው ናቸው። ሹፌሩ ቀድሞ ተናገረ።

«‹ይቺ ብረት አንድ ቀን ትበላሃለች› ብዬዋለሁ። ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ጋሼ ላይ ግን አፌን እንጂ እጄን አላነሳሁም።»

«ለምን እንዲያ አልካቸው?»

«ባለፈው ወር የሰው አጥር ጥሶ ገባ። ‹ፍሬን እምቢ አለኝ› አለ። ፍሬኑን አየሁት፤ ምንም አልሆነም።»

ባለቤታቸው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። መርማሪዋ ዝቅ ብላ፣ «ውሃው የወጣው ከታችኛው ቱቦ ነው አሉኝ፣ እናቴ» አለች፤ እንዳልሆነ እያወቀች።

ሴትዮዋ በእንባቸው መሀል ቀና አሉ። «ከታችኛውማ ቢሆን መሬቱ አድሮ ይረጥብ ነበር፣ ልጄ። እሱ ሲጠግን ሠላሳ ዓመት ባትሪ ያበራሁለት እኔ ነኝ። በሩን ስከፍትለት መሬቱ ደረቅ ነበር።»

«ልጅቷን ትምህርት ቤት የሚያደርሷት እሳቸው ነበሩ አሉ?»

«በየቀኑ። ያን ዕለት እናቷ አስቀረቻት። ምን እንደታያት እንጃ፤ ልጅቷስ የአያቷ ሬሳ እስኪመጣ ገመድ ስትዘል ነበር፣ የኔ ሚስኪን።»

የሟቹ ልጅ ሳሎን ውስጥ ወንበር ትደረድራለች። እጇ ሥራ አይፈታም።

«ልጅሽን ለምን አስቀረሻት?»

«ትኩሳት ነበራት።» ወንበሩን አስተካከለችው፤ መልሳም አስተካከለችው። «የመኪና ነገር ከሆነ አጎቴን ጠይቂው። እኔ አላውቅም።»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መርማሪዋ ሽቦን፣ ሹፌሩን፣ ባለቤትየዋንና የሟቹን ልጅ፣ አራቱንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ቱቦውን አስገባው» አለችው ሽቦን። «ቀለበቱን ግን እንደተገኘው አላልተህ ተወው። ከዚያ ውሃ ሙላ።»

ሞላ። ሁሉም ጠበቁ። አንዲት ጠብታ አልወረደችም።

«ሞተሩ ሲቀዘቅዝ እንዲህ ነው። አሁን የጋለ አስመስለው።»

ሽቦ የራዲያተሩ አፍ ላይ የእጅ ፓምፕ ገጥሞ ይነፋ ጀመር። የግፊት መለኪያው ቀስት ከፍ አለ። መጀመሪያ ቱቦው ጫፍ ላይ ላብ የመሰለ ነገር አቸፈቸፈ፤ ከዚያ መንጠባጠብ ጀመረ። በመጨረሻ ቱቦው ዘሎ ወጣና ውሃው ወለሉ ላይ ተረጨ። ባለቤትየዋ ፊታቸውን ሸፈኑ።

መርማሪዋ የተጫረውን የቀለበት ብሎን አሳየቻቸው።

«ብሎኑን የፈታው ሰው ሦስት ጊዜ አዳልጦታል። ካቻቢቴ የለመደ እጅ እንዲህ አይሆንም። ውሃ ማፍሰስ የፈለገ መካኒክ ወይም ሹፌር ደግሞ የታችኛውን ቱቦ ይፈታል እንጂ የላይኛውን አይነካም። ይህን እናቴም ያውቃሉ፤ እንዲያውም እኔን አርመውኛል። የፈታው ሰው አያውቅም። ውሃው አድሮ መሬት ላይ ፈስሶ እንዲገኝ፣ መኪናዋም ከግቢ እንዳትወጣ ነበር ሐሳቡ። መግደል አልፈለገም።»

«መኪናዋን ለምን ያስቆማል?» አለ ሹፌሩ።

«መልሱ የተቃጠለው ፊታቸው ላይ ነው። ዕድሜ ልኩን የነዳ ሰው የሚተፋ ቱቦ ላይ ፊቱን ስንዝር ድረስ ለምን ያስጠጋል? ስለማያይ ነው። ትናንት የዓይን ሐኪማቸውን አገኘሁት። መንዳት ከከለከላቸው ሁለት ወር ሆኖታል። ያኔ አብራቸው የነበረችው ልጃቸው ናት።» ወደ ሟቹ ልጅ ዞረች። «የታመመ ልጅ ደግሞ ገመድ አይዘልም።»

የሟቹ ልጅ ግድግዳውን ተደገፈች።

«ማታ በቢላ ነው የፈታሁት» አለች። «ጠዋት መሬቱን አየሁት፤ ደረቅ ነው። ያላላሁት መስሎኝ ያጠበቅኩት መሰለኝ። ልጄን ግን ልሰጠው አልቻልኩም።»

«ፈርተሻል ማለት ነው።»

«አዎ።»

«ልጅሽን ለማስቀረት የበቃ ፍርሃት፣ አባትሽን ‹ቆይ› ለማለት አልበቃም?»

«ኮፈኑን ሲዘጋ በመስኮት አየሁት። እያፏጨ ነበር። ብነግረው ይጠላኛል ብዬ…»

እናትየዋ ተነሱ። «ለኔስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነገርኩሽ እኮ፣ እማዬ። ከሐኪም የተመለስን ቀን ነገርኩሽ። ‹መንዳት ከተወማ ይሞታል፤ ተይው› አልሽኝ።»

ሹፌሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሽቦ ጨርቁን መሬት ጥሎ ወደ ውጭ ወጣ።

መርማሪዋ ደብተሯን ከፍታ የሟቹን ልጅ ቃል መጻፍ ጀመረች። እናትየዋ በረጠበው ወለል ላይ ቀስ ብለው ሄደው ከልጃቸው ጎን ቆሙ፤ እጇንም ያዙ።

«እኔንም ጻፊኝ፣ ልጄ።»

«እርስዎ ያደረጉት ወንጀል አይደለም፣ እናቴ።»

«አውቃለሁ» አሉ ሴትዮዋ። «ብቻዋን እንዳትሆን ነው። ከሷ በታች ጻፊኝ።»