የሩቁ ተራራ

«አልነካሁትም አላልኩም እኮ። ትንሽ አቀናሁት ነው ያልኩሽ።»

«ትንሽ?» ልጅቷ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ሳታወርድ ሸራው ፊት ቆመች። «አክስቴ፣ ተራራው በሙሉ ተቀይሯል።»

«ተሻለ ወይስ ተበላሸ?»

ልጅቷ ተራራውን ደግማ አየችው። ጠዋት ትታው የሄደችው የሩቅ ተራራ ጠቁሮ ከፊቱ ካለው ኮረብታ ጋር ተጣብቆ ነበር። አሁን በስስ ሰማያዊ ጭጋግ ውስጥ ወደ ኋላ ርቆ ቆሟል። እዚያ ለመድረስ ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ይመስላል።

በአክሪሊክ ቀለም ተራራ መሳል ያስተማረቻት አክስቷ ናት፤ የሱቆች ማስታወቂያ በምትጽፍበት በዚሁ ጠባብ ክፍል፣ ሦስት ወር ሙሉ። ሥዕሉ ዛሬ እስከ አስር ሰዓት ለሥዕል ትምህርት ቤቱ የመግቢያ ፈተና መድረስ አለበት። ከመቶ በላይ ልጆች ተመዝግበዋል፤ የሚገቡት አስራ ሁለት ናቸው። በማመልከቻ ቅጹ ግርጌ «ሥራው የራሴ ብቻ ነው» የሚል መስመር አለ። የምትፈርመው እሱ ሥር ነው።

«ማን ያውቃል ብለሽ ነው?» አለች አክስቷ። «ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁ? የእኔ እጅ ያንቺ እጅ ነው።»

«እኔ አውቃለሁ።»

«ኧረ ተይ፣ አትመጻደቂብኝ።»

በሩ ተንኳኳና የማዶው ፀጉር አስተካካይ አክስቷ የጻፈችለትን አዲሱን የሱቁን ሰሌዳ ታቅፎ ገባ። «እትዬ፣ አይቀየሙኝና ፊደሎቹ ጠጥተው የመጡ ይመስላሉ። ደንበኞቼ ‹ጆሮም እንዲህ አጣመህ ነው የምትቆርጠው?› እያሉ መሳቂያ አደረጉኝ።»

አክስቷ አልሳቀችም። ቀኝ እጇን ወደ ሽርጧ ኪስ ከተተች። ከመክተቷ በፊት ግን ጣቶቿ ሲንቀጠቀጡ ልጅቷ አየች። ሰሞኑን የቀለም ክዳን ሁሉ እሷን ስታስከፍታት እንደነበር ትዝ አላት።

ወደ ሸራው ተጠጋች። ከማቆሚያው ጎን ክንድ ማሳረፊያ ዱላ በገመድ ታስሯል፤ ሥሩ የተወላገዱ መስመሮች የሞሉባቸው የመሞከሪያ ወረቀቶች ተጥለዋል። ተራራው ላይ ግን አንድም የተወላገደ መስመር የለም። ትንንሽ የብሩሽ ምቶች፣ አንዱ ካንዱ ጎን፣ በትዕግሥት ተደርድረዋል። ጠዋቱን ሙሉ ፈጅቶባት መሆን አለበት።

አክሪሊክ የማይሸፍነው ነገር የለም። ነጭ ቢቀቡበት ያ ሁሉ በሁለት ደቂቃ ይጠፋል። ልጅቷ ሰፊውን ብሩሽ አነሳች፤ ትንሽ ይዛው ቆየችና መልሳ አስቀመጠችው።

ከመደርደሪያው ጀርባ በመጀመሪያው ወር ካርቶን ላይ የሳለችውን ሥዕል አወጣች። እዚያም ላይ የሩቁ ተራራ ጠቁሯል። ስህተቷ ሁልጊዜ ያው ነበር፤ ቀለሙን እርጥብ ሳለ እስኪያምራት ትቀይጠዋለች፣ ሲደርቅ ይጠቁርባታል። አሁን ቀለሙን ከምትፈልገው በላይ አነጣችው። በወረቀት ላይ አንድ መስመር ቀብታ እስኪደርቅ ጠበቀችና ከካርቶኑ ሰማይ ጎን አስጠጋችው። ጠቆረ። ሁለተኛውም ጠቆረ። ሦስተኛው ልክ መጣ፤ በሱ የካርቶኑን የሩቅ ተራራ ደግማ መቀባት ጀመረች።

ከኋላዋ ክርክሩ ቀጥሏል።

«ገንዘቤን ይመልሱልኝ አላልኩም፣ እትዬ። ይስተካከልልኝ ነው።»

አክስቷ ሰሌዳውን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው። «ነገ ልጅቷ ትጽፍልሃለች» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የሷ እጅ ይሻላል።»

የልጅቷ ብሩሽ ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለ። የሳለችው የተራራ ጫፍ በግራ በኩል እንደ ቤት ጣሪያ ቀጥ ብሏል። የአክስቷን አያክልም። ቢሆንም ተራራው ትንሽ ራቀ። እንዳለ ተወችው።

እስኪደርቅ ድረስ ቀጭኑን ብሩሽ የሣር ቀለም አስነክታ ወደ ትልቁ ሸራ ተመለሰች። በቀኝ ማዕዘኑ ታች ባለፈው ሳምንት ስሟን ጽፋበት ነበር። ፊደል በፊደል ሣር አለበሰችው።

ቅጹን ፈረመች። ካርቶኑን በብብቷ ይዛ ወጣች። አክስቷና ፀጉር አስተካካዩ ሰሌዳው ላይ እንዳቀረቀሩ ነበሩ።