አምስቱ ጨርቆች

ልጅቷ ጨርቆቹን ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠረቻቸው። አሁንም አራት ናቸው። ጠዋት አክስቷ ያስጨበጠቻት ግን አምስት ነበር።

በአክስቷ ጋራዥ ይሄ ቀልድ የለውም። ለሥራ አምስት ጨርቅ ይወጣል፣ አምስት ጨርቅ ይመለሳል፤ ካልሞላ መኪናው ከግቢ ንቅንቅ አይልም። ዛሬ ደግሞ የአባቷ ፒካፕ ሥር ሁለተኛ የነዳጅ ታንከር ገጥመዋል። እስከ ሐይቁ ባለው መንገድ ማደያ የሚባል ነገር ስለሌለ፣ አባቷ የዓሣ መረብ በጫነ ቁጥር ጀሪካን መደርደር ታክቶታል። ታንከሩን ከውስጥ የጠረገችው እሷ ናት፤ በጠባቡ ቀዳዳ የሚገባው የእሷ ቀጭን እጅ ብቻ ነበር። አክስቷና አባቷ «መርፌ እጅ» እያሉ ሲያሾፉባት አረፈዱ፣ እሷም ደስ ብሏት ነበር።

ጨርቁ ታንከሩ ውስጥ ቀርቶ ከሆነ ጉድ ፈላ። ነዳጁ ይዘጋና መኪናው ሰው በሌለበት ቀጥ ይላል። ታንከሩ ይውረድ ካለች ደግሞ ቀኑ አለቀ፣ ጉዞው ለሰኞ ይተላለፋል። ሰኞ የሒሳብ ፈተና አለባት። ሐይቅ በዓይኗ አይታ አታውቅም፤ አባቷ የፊት ወንበሩን ቃል ከገባላት ወር ሆኖታል።

ዘወር ብላ አንዱን ጨርቅ ለሁለት ቀደደችው።

አክስቷ እጇን እየታጠበች ስንት እንደሆነ ጠየቀቻት። አምስት አለች። አክስቷ ዞር ብላ እንኳ ሳታይ አመነቻት፤ ብትቆጥርባት ይሻላት ነበር።

አባቷ እያፏጨ መረቡን ይጭናል። ሐይቁ ከሩቅ ሲታይ እንዳያመልጣት ብሎ ወንበሯ ላይ ትራስ ሳይቀር አስቀምጦላታል። ትራሱን አየችው። አባቷ ጭር ያለ መንገድ ላይ ቆሞ፣ ኮፈን ከፍቶ፣ ግራ ሲገባው ታያት።

ሁለቱን ቁራጮች ይዛ ወደ አክስቷ ሄደች።

«አክስቴ፣ አራት ነው። ይሄን እኔ ነኝ የቀደድኩት።»

አክስቷ ቁራጮቹን ገጣጥማ አየቻቸው። ከዚያ መፍቻውን አቀበለቻት። «በይ፣ አንቺው ፍቺው።»

ነዳጅ ገና አልገባበትም ነበርና ታንከሩን ሁለት ሆነው አወረዱት። ልጅቷ እጇን ሰድዳ ጥጋጥጉን ሁሉ ዳሰሰች። ምንም የለም። አባቷ ምን እንደተፈጠረ ሊያይ መጣ፣ አንገቱ ላይ የጠመጠመውን ጨርቅ ፈታና ላቡን ጠረገ። ሁለቱም ፈዘው አዩት።

«ምነው?» አለ አባቷ። «ጠዋት ያገኘሁት ነው።»

አክስቷ ጎማ ላይ ዘፍ ብላ ሳቀች። ልጅቷ መጀመሪያ ልታለቅስ ነበር፤ ኋላ ሳቁ አሸነፋት። ታንከሩ ተመልሶ እስኪገጠም ግን ፀሐይዋ አዘቀዘቀች፣ ጉዞውም ለሰኞ ሆነ። አባቷ ጥፋቱ የእሱም ስለሆነ ከሰኞው ቀጥሎ ባለው ጉዞ ወንበሩም ትራሱም የእሷ መሆናቸውን ነገራት።

ጨርቆቹ አሁን ስድስት ሆነዋል። አክስቷ ቁራጮቹ ለትንንሽ ሥራ ይሆናሉ፣ ተያቸው ብላት ነበር። ልጅቷ ግን የወንበር ልብስ መስፊያ ካለበት ሣጥን መርፌና ክር አወጣች፣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሁለቱን ሰፋቻቸው። ስፌቱ ጠማማ ወጣ። ከዚያ ጨርቆቹን አክስቷ ፊት ዘርግታ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ከአንድ ጀምራ ቆጠረች።