ጠብታ ቦት ጫማ ይፈራል?

ክረምት ነው። ጉሙ ከተራራው ወርዶ ዩኒቨርሲቲው ላይ ተኝቷል።

የትልቁ አዳራሽ መስኮቶች በጉሙ ውስጥ ቢጫ ሆነው ይታያሉ። ሰዎች ጃንጥላቸውን እያራገፉ ይገባሉ።

ኤፍራታ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ወንበሩ ትልቅ ነው፤ እግሯ መሬት አይነካም።

መድረኩ ላይ የቆመችው እናቷ ናት። እናቷ ዶክተር ስንዱ እንቁራሪቶችን ታጠናለች፤ ዛሬ ያጠናችውን ለሰው ልትናገር ነው።

ከግቢው ጀርባ ጫካ አለ፤ ጫካው ውስጥ ኩሬ አለ። ኩሬው ዳር ድሮ ጥፍር የምታህል፣ ድምፅዋ ከሌሎቹ ሁሉ የቀጠነ እንቁራሪት ትኖር ነበር።

ከብዙ ዓመት ወዲህ ግን ማንም አላያትም። «ጠፍታለች» ተባለ።

«እኔ ግን አንድ ድምፅ ሰምቻለሁ» አለች እናቷ። የድምፅ መቅጃውን ከፈተችው።

«ጢብ! ጢብ! ጢብ!»

ኤፍራታ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ሰማች።

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ብድግ አሉ። ፕሮፌሰር ጓንጉል ናቸው፤ ድሮ እናቷን ያስተማሩ፣ ቀልድ የሚወዱ ሰው።

«ስንዱ፣ ይሄ ከቅጠል ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ ነው» አሉ። «እንዲህማ ከሆነ የእኔ ጣሪያም ክረምቱን ሙሉ እንቁራሪት ሲያረባ ነው የከረመው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እናቷም ሳቀች። ኤፍራታ ብቻ አልሳቀችም።

ወደ ቤት ሲሄዱ የእናቷን እጅ ጎተት አደረገች። እንቁራሪቷ አለች አይደል ብላ ጠየቀቻት።

«አላውቅም» አለች እናቷ። «እንድትኖር ስለፈለግን ብቻ አለች አንልም። ሄደን እንሰማለን።»

ክረምቱ ሊወጣ ትንሽ ቀርቶታል። ዝናቡ ሲያበቃ እንቁራሪቶቹም ዝም ይላሉ። እስከዚያ ካላገኟት እናቷ መድረክ ላይ ወጥታ «ጠፍታለች» ልትል ነው።

ኤፍራታ እኔም ልሂድ አለች። ለመነች፤ ደግማ ለመነች። እናቷም ዝም ማለት ከቻልሽ ብላ ፈቀደችላት።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ወደ ጫካው ገቡ። እናቷ መቅጃዋን ያዘች፤ ራሴ ካልሰማሁ አላምንም ብለው አብረው የመጡት ፕሮፌሰር ጓንጉል ጃንጥላቸውን ያዙ።

ኤፍራታ አዲሱን ቦት ጫማዋን አድርጋለች። ለሚቀጥለው ዓመት ጭምር ተብሎ ስለተገዛ ትንሽ ሰፍቷታል።

ጉሙ እየወፈረ ሄደ። የዛፎቹ ግንድ ጠፋ፤ ቅጠሎቹ ብቻ አየር ላይ የሚዋኙ መሰሉ።

ከሩቅ ትልልቆቹ እንቁራሪቶች ይጮኻሉ። «ቋ! ቋ! ቋ!»

ኤፍራታ ወደ ኩሬው ተራመደች። ቦት ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ገባ። «ጨቅ!»

እንቁራሪቶቹ ጭጭ አሉ።

ቆመው ጠበቁ። «ቋ! ቋ! ቋ!»

አሁንም ተራመደች። «ጨቅ!» እንቁራሪቶቹ ጭጭ።

ፕሮፌሰር ጓንጉል ጎንበስ ብለው የዝሆን ጫማ ማን አዋሰሽ ብለው በሹክሹክታ ጠየቋት። ኤፍራታ ፊቷ ቀላ።

ከዚያ በኋላ አልተንቀሳቀሰችም። እንደ ዛፍ ቆመች፤ ጉሙ በጉንጯ በኩል አለፈ።

ዝናቡ ቆሟል። ቅጠሎቹ ግን ይንጠባጠባሉ። «ጠብ! ጠብ! ጠብ!»

ትልልቆቹ ጀመሩ። «ቋ! ቋ! ቋ!»

ከሁሉም ሥር፣ ቀጭን ሆኖ፣ ሌላ ድምፅ መጣ። «ጢብ! ጢብ! ጢብ!»

እናቷ እጇን ጨበጥ አደረገቻት። ፕሮፌሰሩ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጠብታ ነው አሉ።

ጠብታ ይሁን እንቁራሪት፣ በጉሙ ውስጥ ምንም አይታይም። ባትሪ ቢያበሩም የሚታየው ነጭ ጉም ብቻ ነው።

ኤፍራታ ብዙ ቆመች። እግሯ ደነዘዘ፤ ሳታስበው አነሳችው። «ጨቅ!»

«ቋ! ቋ!» ያሉት ጭጭ አሉ። «ጢብ! ጢብ!» ያለውም ጭጭ አለ።

ኤፍራታ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሁሉንም ነገር ያበላሸች መሰላት።

ቅጠሎቹ ግን አላቆሙም። «ጠብ! ጠብ! ጠብ!»

ኤፍራታ ወደ ቅጠሎቹ ቀና አለች። ቀጥሎ ወደ እግሯ አየች። ቀጥሎ ወደ እናቷ።

«እማዬ፣ ጠብታ ቦት ጫማ ይፈራል?»

ፕሮፌሰር ጓንጉል ጃንጥላቸውን ቀስ ብለው አጠፉ።

ጠበቁ። «ጢብ! ጢብ!» ሲል ፕሮፌሰሩ እስኪ ርገጪ አሏት። «ጨቅ!» ጢብ ያለው ጭጭ። ቅጠሎቹ «ጠብ! ጠብ!»

«አንዴ ሲሆን አጋጣሚ ነው» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ድገሚው።»

ደገመችው። «ጨቅ!» ጭጭ።

አሁንም ደገመችው። «ጨቅ!» ጭጭ።

ፕሮፌሰር ጓንጉል እንግዲህ ተራው የእኔ ነው አሉ። ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ጭቃው ውስጥ ዘው አሉ። «ጨቅ!»

ጭጭ። ቅጠሎቹ ብቻ «ጠብ! ጠብ!»

ሽማግሌው ጭቃው ውስጥ እንደቆሙ ቆዩ። «ጠብታ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «የእኔ ጣሪያ ግን ያው ውሃ ነው።»

በሚቀጥለው ሳምንት አዳራሹ ሞላ። እናቷ መድረክ ላይ ወጣች።

«አላየናትም» አለች። «ሰምተናታል። አለች።» መጀመሪያ ያጨበጨቡት ፕሮፌሰር ጓንጉል ናቸው።

ማታ ኤፍራታ አልጋዋ ውስጥ ገባች። እናቷ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበችላት።

«እማዬ፣ እንቁራሪቷ ማንን ነው የምትጠራው?»

እናቷ የሚጮኸው ወንዱ ነው አለቻት። ሴቷን ነው የሚጠራው።

ኤፍራታ ከትራሱ ቀና አለች። «እሷስ ምን ትላለች?»

«ምንም አትልም። ዝም ብላ ትሰማዋለች።»

ኤፍራታ አሰበች። ስለ ጉሙ አሰበች፤ ስለ ኩሬው አሰበች።

«እንግዲያው አጠገቤ ነበረች ማለት ነው» አለች። «እኔም ዝም፣ እሷም ዝም።»

እናቷ ያላየችውንና ያልሰማችውን ነገር አለ አትልም፤ የለም ማለትም አትወድም።

«ሊሆን ይችላል» አለች። መብራቱን አጠፋች።

ኤፍራታም ዝም አለች። ዝም ብላ እየሰማች እንቅልፍ ወሰዳት።