ከውስጥ ያረረ ብየዳ

ሜርቭ ትሬዋርታ የሞተው በገዛ ጋራዡ፣ በጨው ሜዳ ላይ ለሚካሄደው የፍጥነት ውድድር ከሚያዘጋጃት መኪና ስር በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ሰውነቱ ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም። የፖርት ፒሪ ከተማ ሐኪም የልብ ነገር ነው ብሎ ሊፈርም ነበር። ኢንስፔክተር ዴስፒና ካሉዲስን ግን ሬሳውን ያገኘችው ልጁ ኢቬት የተናገረችው አንድ ነገር እረፍት ነሳት። ኢቬት አባቷን ልታነሳ ስትወርድ ጉልበቷ ከዳት፣ ዓይኗ ጨለመባት፤ እንደምንም ተንጠላጥላ ስትወጣ ግን ወዲያው ተሻላት።

«ደንግጣ ይሆናላ» አለ ሐኪሙ።

«ድንጋጤ ከጉድጓድ ስለወጡ ብቻ አይለቅም።»

ኢቬት ከተማ ውስጥ ዕቃ ስትገዛ ነው ያረፈደችው። ጋራዡ ውስጥ ከሟቹ ጋር የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው።

አንደኛው ዱይ ትራን ነው፤ የጭስ ማውጫ ቱቦዎቹን ንድፍ የሚያወጣው ወጣት መሐንዲስ። ያን ጠዋት ከሜርቭ ጋር ሲጯጯኹ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ዱይ ከሞተሩ የሚወጡት አራቱ ቱቦዎች እኩል ርዝመት ይኑራቸው፣ ጭሱ በግፊቱ እየዞረ ለሞተሩ አየር የሚያስገባው ተርቦ ጋ ተራ በተራ ይድረስ ባይ ነው። ሜርቭ ደግሞ አጭር ይሁኑ፣ ሙቀቱ በመንገድ አይባክን፣ ተርቦው ቶሎ ይነሳ ይላል።

«በየሳምንቱ ነው የምንጣላው» አለ ዱይ። «ሜርቭ ካልተከራከርከው የምትሠራም አይመስለው።»

ከጭቅጭቁ በኋላ ሜርቭ ቱቦዎቹ የመሪውን ዘንግ እንዳይነኩ ሊለካ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። ዱይ በመስታወት የተከለለው ቢሮ ውስጥ ተቀመጠ። ከዚያ ሆኖ ያየው ሲበራ ሲጠፋ የነበረውን የብየዳ ብርሃን ብቻ ነው።

የሚበይደው ብሬንት ሆኪንግ ነበር፣ የሜርቭ የልጅነት ጓደኛ። ኢቬት ከሕፃንነቷ ጀምሮ አጎቴ ነው የምትለው። ዴስፒና ጠዋት ሞልቶ የመጣው ለብየዳ የሚውለው የአርገን ጋዝ ሲሊንደር እንዴት ባዶ እንደሆነ ጠየቀችው።

«ሥራው ይበላዋል። ከሲሊንደሩ ሁለት የጋዝ ጎማ ነው የሚወጣው» አለ ብሬንት እጁን አጣምሮ። «አንዱ ለመበየጃው ነው። ሌላው ቱቦው ውስጥ ይገባል፣ ውስጡን አየር እንዳያገኘው።»

«አየር ቢያገኘውስ?»

«ድስት ላይ እንዳረረ ስኳር ይሆናል። ጥቁር፣ ሸካራ። አንድ ቀን ይሰነጠቃል። እኔ እንደዚያ አልሠራም እመቤቴ። ጠዋቱን በሙሉ ሁለቱም ጎማ ክፍት ነበር።»

ዴስፒና አመስግናው የእጅ ባትሪ ተዋሰች። በየቱቦው አፍ ገብታ የምትወጣ እስኪመስል ድረስ ውስጡን አየች። ነፋስ የገባበትን ጉድጓድ ወርዳ ወለሉን ዳሰሰች። በመጨረሻ ከጋራዡ ጀርባ ያለውን የብረት ጥራጊ ገለባበጠች።

ከምሳ በኋላ ሦስቱንም በሥራ ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«አርገን ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ከአየር ይከብዳል» አለች። «ጉድጓድ ውስጥ ከፈሰሰ አየሩን ገፍቶ ይተኛል። ሰው ሳይታወቀው ራሱን ይስታል። ኢቬትን ያንገዳገዳት እሱ ነው። ጥያቄው ጋዙን ማን አፈሰሰው የሚለው ነው። አቶ ሆኪንግ በቱቦዎቹ ውስጥ ነው ያለቀው ብለውኛል። ዱይ፣ ዛሬ የተበየደውን ውስጡን እየው።»

ዱይ ባትሪውን አብርቶ አጎነበሰ። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጧል። «አርሯል። ምንም ጋዝ አልገባበትም።»

«ስለዚህ ሁለተኛው ጎማ ቱቦው ውስጥ አልነበረም። ጫፉ ላይ የጉድጓዱ ወለል ጥቁር ግራሶ ተለጥፎበታል፤ ጋዙ የተለቀቀው እዚያ ነው። ሌላ ሰው ወስዶት ቢሆን ደግሞ የሚበይደው ሰው ገና በመጀመሪያው ቱቦ ያውቅ ነበር። እርስዎ ግን አቶ ሆኪንግ፣ ዝም ብለው በየዱ፣ ከቢሮው ብርሃኑ እንዲታይልዎ።»

«ለምን ብዬ ጓደኛዬን እገድላለሁ?» አለ ብሬንት በዝግታ።

ዴስፒና ከጥራጊው ያወጣችውን አሮጌ ቱቦ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ቁመቱን ለሁለት ተቆርጧል፤ መጋዙ ያለፈበት ገና ያብረቀርቃል። አምና ጨው ሜዳው ላይ በእሳት ከሞተው የኢቬት ወንድም፣ ከኪም መኪና የወጣ ነው። ውስጡ እንደ ዛሬው አርሮ ብየዳው ተሰንጥቋል፤ እሳቱ የወጣው በዚያ ስንጥቅ ነው።

«ሜርቭ ዛሬ ጠዋት ነው የቆረጠው» አለች።

ብሬንት ቱቦውን አየና ወንበር ፈለገ። ያኔ የውድድሩ ዋዜማ እንደነበረ፣ ጋዝ እንዳለቀበት፣ ለአንድ ቀን ይችላል ብሎ እንደበየደው ተናገረ። ሜርቭ ለኢቬት ሊነግራት ነበር። ብሬንት እንዳይነግራት ለምኖት እምቢ ብሎታል።

ኢቬት ወደ ብሬንት ዞረች። «በሬዲዮ ኪምን 'ነዳጁን ርገጠው' ያልኩት እኔ ነኝ» አለችው። «ገደልኩት ብዬ ዓመት ሙሉ ሳለቅስ እጄን ይዘህ ታባብለኝ ነበር።»

«ያንቺ ጥፋት አልነበረም» አለ ብሬንት፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ።

ዓመት ሙሉ ከማንም አፍ ልትሰማው የናፈቀችውን ቃል የነገራት እሱ ሆነ። ዴስፒና የጠራቻቸው ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ ዱይ በሩን ሊዘጋላት ተነሳ፤ ኢቬት ግን አየር ይግባ ብላ ከለከለችው።