የቬርነን ካርድ ወደየት ይላክ?

የካርድ ነጋዴው ቬርነን ሃፍ፣ በአሜሪካዋ አክረን ከተማ፣ በገዛ ሱቁ ጓዳ፣ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው የነሐስ ዋንጫ ወለሉ ላይ ተጋድሟል፤ ደሙ ጠረጴዛው ላይ ፈሶ ደርቋል። ደሙ መሃል ግን ስስ ፕላስቲክ ኪስ ውስጥ የገባ የቤዝቦል ተጫዋች ምስል የታተመበት አንድ ካርድ ተቀምጧል። ድሮ ከሲጋራ ፓኮ ጋር ይሰጥ የነበረ፣ ቬርነን ከአባቱ የወረሰው፣ ዛሬ ቢሸጥ ቤት የሚገዛ ካርድ ነው።

መርማሪ ኖሪን ዛሌስኪ የፕላስቲክ ኪሱን በመቆንጠጫ አነሳችው። ላዩ ንጹሕ ነው፤ ሥሩ ግን ደም ነው። መልሳ እዚያው አስቀመጠችው።

ሰፈሩ ገዳዩን አስቀድሞ ለይቷል፤ የሟቹ ልጅ ፖሌት ናት። አባትና ልጅ ካርዱን የትኛው ደረጃ ሰጪ ኩባንያ ይመርምረው በሚል ሰሞኑን ሲጯጯሁ ያልሰማ የለም። ለማያውቀው የልጅ ጠብ ይመስላል። በዚህ ሙያ ግን የካርድን ዋጋ የሚቆርጠው ኩባንያው የሚሰጠው ቁጥር ነው፤ ወንድማማቾች ተኮራርፈውበታል። ቤይ ሾር የተባለው ኩባንያ ብዙ ሳይመረምር ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል፣ እጁ ሰፊ ነው ይባላል። ሃድልስተን ግን ካርዱን ሳይለካ ቁጥር አይሰጥም። ጠርዙን ምላጭ ነክቶት ከሆነ ቁጥር ሳይሰጥ ይመልሰዋል፤ የተመለሰ ካርድ ደግሞ ያው ሞተ ማለት ነው።

«ምን ትጠብቂያለሽ? እሰሪያት እንጂ» አለ የሟቹ ወንድም ዴል። «‹አንተ ደደብ ሽማግሌ› ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«አንተስ የት ነበርክ?»

«ጋራዤ ውስጥ። ሠራተኞቼን ጠይቂ። ደግሞ ስለዚያ ቁራጭ ወረቀት ብዬ ሰው የምገድል እመስልሻለሁ?»

ሠራተኞቹ ተጠየቁ፤ ቃሉን አጸኑለት።

ፖሌት ዓይኗ አብጧል፤ አንደበቷ ግን አልለዘበም። «አዎ፣ ደደብ ብዬዋለሁ። ቤይ ሾር የሰጠውን ቁጥር ደህና ገዢ አያምነውም። ሃድልስተን ይለካው፣ ምን ትፈራለህ አልኩት። ‹የአባቴን ካርድ ማንም እንደ ሌባ አይፈትሸውም› ብሎ አባረረኝ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም። እኔ ከታሰርኩ ልጄን ማን ያሳድግልኛል? ያ ዴል?»

የቬርነን የረጅም ጊዜ ሸሪክ ኤሜት ክሮውሊ ወንበር እንኳ ሳይስብላት ነው ኖሪንን የተቀበላት። «ከሽያጩ ድርሻ አለኝ። ቤይ ሾር ይሻላል ብያለሁ። ወንጀል ከሆነ እሰሪኝ።»

«ካርዱን መጨረሻ የያዝከው መቼ ነው?»

«ባለፈው ሳምንት። ፎቶ ላነሳው ቤቴ ወስጄ አሳደርኩት፣ መለስኩት። ሌላ ጥያቄ?»

«ለጊዜው የለኝም።»

ኖሪን ሦስቱንም አልወደደቻቸውም፤ እነሱም አልወደዷትም። ወደ ጓዳው ተመልሳ ጠረጴዛው ሥር ስትጎነበስ የብረት ማስመሪያና የማጉያ መነጽር ወድቀው አገኘች። ከመሳቢያው ውስጥ ከዚያው ዘመን የሆነ አንድ ርካሽ ካርድ አወጣችና የቬርነንን ካርድ ላዩ ላይ አስተካክላ አነባበረችው። በአንድ ጎን የታችኛው ካርድ ፀጉር ታህል ብቅ አለ።

በማግስቱ ሦስቱን ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አንድ ካርድ በኪሱ እንዳለ የሱቁ መስታወት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፤ አጠገቡም የወረቀት ኩባያ ቡናዋን።

«ነገ ለሃድልስተን እልከዋለሁ። ይለኩታል» አለችና ዞር ስትል በክርኗ ኩባያውን ገፋችው።

ቡናው ወደ ካርዱ ፈሰሰ። ፖሌት ወንበሯን ገልብጣ ዘለለችና ካርዱን አፈፍ አደረገችው። «ዕውር ነሽ እንዴ?» ብላ አፈጠጠችባት። ዴል ቡናው ጫማውን እንዳይነካው እግሩን ሰበሰበ። ኤሜት እጁን ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ ንቅንቅ አላለም።

«ተቀመጪ» አለች ኖሪን። «የሁለት ዶላር ካርድ ነው። ዋናው ተቆልፎበታል።»

«ምን ዓይነት ቀልድ ነው?» አለ ዴል።

«ቀልድ አይደለም። ከኪሱ ሥር ደም አለ፣ ከላዩ ግን የለም። ገዳዩ ከመታው በኋላ ነው ካርዱን ኪስ ውስጥ ከትቶ ያስቀመጠው። የሰው ደም እየፈሰሰ ለካርድ ጠርዝ የሚጨነቀው የዚህ ሙያ ሰው ብቻ ነው። ዴል፣ አንተ ግን ‹ቁራጭ ወረቀት› ነው ያልከው።»

«ታዲያ እሷ ናታ» አለ ኤሜት።

«ቬርነን ሲመታ ማስመሪያ ይዞ ነበር፤ ካርዱን ይለካ ነበር። አንድ ጎኑ ተከርክሟል፣ ያረጀው ጠርዝ አዲስ እንዲመስል። የከረከመው ሰው ሃድልስተን ይለካው ብሎ መንገድ ላይ ይጮሃል? አይጮህም፤ ቤይ ሾር ይሻላል ይላል። ካርዱን ቤቱ ያሳደረውም አንድ ሰው ነው።»

«ይሄ ማስረጃ ነው?»

«ቡናው ሲፈስስ ያደረግኸውስ? ዕድሜህን ካርድ ስትሸጥ ኖረህ እጅህ እንኳ አልተነሳም። እንዲበሰብስ ፈለግህ፤ የበሰበሰ ካርድ አይለካማ። ያን ዕለት ግን ደህና ሆኖ እንዲሸጥልህ ትፈልግ ነበር፤ ለዚህ ነው ከደሙ ያዳንከው።»

ኤሜት ኖሪንን ትቶ ወደ ፖሌት ዞረ። ፊቱ ላይ ጥላቻ እንጂ ጸጸት አልነበረም።

«የገደልሽው አንቺ ነሽ» አላት። «ቤይ ሾር ቢሄድ ማንም አያውቅም ነበር። ስገባ ማስመሪያ ይዞ አገኘሁት። ‹ልጄ እውነቷን ነው፣ ለሃድልስተን እልከዋለሁ፣ እስቲ ቀድሜ ልለካው› አለኝ። ምላስሽን ብትሰበስቢ ዛሬ በሕይወት ነበር።»

ኖሪን ካቴናውን አጠለቀችለት። ፖሌት ተነስታ በሩ ላይ ቆመችበት።

«‹ልጄ እውነቷን ነው› አለ?»

ኤሜት በትከሻው ገፍቶ ሊያልፋት ሞከረ።

«ንገረኝ፣ አንተ ርኩስ። አባዬ በገዛ አፉ እንደሱ አለ?»

«አለ፣ አለ። ልቀቂኝ።»

ፖሌት ከበሩ ዘወር አለችለት። ከዚያ የአባቷ ወንበር ላይ ተቀመጠችና አባቷ ከሞተ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች።