አባቴ ሰላም ይሉት የነበረው ካሜራ

መንፈስ፣ ጥላ፣ የሙት ድምፅ ምናምን ሲባል ከሁሉ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርሁ፣ ይህን መጀመሪያ ያዙልኝ። ሥራዬ እዚህ ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር ባለችው ትንሽ ሱቄ የቤት ጥበቃ ካሜራ መሸጥና መትከል ነው፣ ስንቱ ደንበኛ “ግቢዬ ውስጥ ነጭ ነገር ሲንሳፈፍ አየሁ” ብሎ በጠዋት ደውሎልኛል፣ ሄጄ ሳየው ሌንሱ ላይ ድሩን ያደራ ሸረሪት ነው፣ ወይም ከሐይቁ የመጣ የትንኝ መንጋ ነው። ጠርጌለት፣ ትንሽ ሙድ ይዤበት እመለሳለሁ።

ስለ ሥራው ጥቂት ልንገራችሁ፣ ያለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። ሌንስ በደፈናው ሁለት ዓይነት ነው በሉ፣ ባለ ሁለት ነጥብ ስምንት ሚሊሜትሩ ሰፊ ነው፣ ግቢውን ከጥግ እስከ ጥግ ያሳያል፣ የሰው ፊት ግን አይለይም፣ ባለ ስድስቱ ጠባብ ነው፣ በሩን ብቻ ይዞ የቆመውን ሰው ፊት ከነማዲያቱ ያመጣዋል። ደንበኛ ሁሉ ሰፊውን ይወዳል፣ ሁሉንም ማየት ይፈልጋላ። ሴንሰሩ ደግሞ የገላ ሙቀት ሲሰማው ካሜራውን ቀስቅሶ ስልካችሁ ላይ “ሰው ታይቷል” የሚል መልእክት ይልካል። ድመትም፣ ፀሐይ የመታው ቆርቆሮም ያሳስተዋል፣ ስለዚህ የሚያስቸግረውን ቦታ ስልኩ ላይ በጣታችሁ በሳጥን ታጥሩና ትዘጉታላችሁ፣ ከዚያ በኋላ እዚያ ሳጥን ውስጥ የጣና ጉማሬ ወጥቶ ቢቆም እንኳ አይነግራችሁም፣ አይቀዳም።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ፣ እናቴ ካረፈች በኋላ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ዘንዘልማ ብቻቸውን ቀሩ። ከተማ እኔ ጋ ይግቡ ብላቸው “ደብሬን ትቼ የት እሄዳለሁ?” አሉኝ፣ እውነቱን ለመናገር እምቢ ሲሉኝ ቅር አላለኝም። ካሜራ ሰቀልሁላቸው። ለአንድ ሽማግሌ በር የሚሆነው ጠባቡ ሌንስ እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ፣ የሰቀልሁት ግን አንድ ደንበኛ አልፈልግም ብሎ የመለሰውን ሰፊውን ነው፣ ለሳቸው ይበቃቸዋል ብዬ። በምስሉ ላይ አባቴ ከአውራ ጣቴ አይበልጡም ነበር። ሰቅዬ ስጨርስ ደግሞ፣ ምን እንዳናገረኝ እንጃ፣ “አባቴ፣ ከእንግዲህ እኔ እዚህ አለሁ፣ አይዎታለሁ” አልኋቸው።

እሳቸው ቃሌን እንዳለ ወሰዱት። በኛ አገር ሰው ካለበት ሰላም ሳይሉ ማለፍ ነውር ነው፣ ታውቁታላችሁ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከኪዳን ጸሎት ሲመለሱ ካሜራው ሥር ይቆማሉ፣ እዚያ የተነጠፈውን ድንጋይ በመቋሚያቸው ሦስት ጊዜ ኳ ኳ ኳ ያደርጋሉ፣ ጎንበስ ብለው “እንደምን አደርህ ልጄ?” ይላሉ። ከዚያ ዝም ይላሉ፣ መልሴን ይጠብቃሉ። “ልጆች እንደምን አደሩ?” ዝም። “ሥራስ ደኅና ነው?” ዝም። በመጨረሻ “እግዚአብሔር ይመስገን” ብለው ይገባሉ። ካሜራው ድምፅ ማጉያ አለው፣ ስልኬን ነክቼ መመለስ እችል ነበር፣ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቴ መለስሁላቸው። ከዚያ መልእክቱ በየጠዋቱ ከእንቅልፌ ሲቀሰቅሰኝ ተናደድሁ፣ ጋደም እንዳልሁ ከግቢው በር አንሥቶ አባቴ እስከሚቆሙበት ቦታ ድረስ ሳጥን ሠርቼ ዘጋሁት። አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ለሳቸው አልነገርኋቸውም፣ ከዓመት በላይ ለተዘጋ ሳጥን ሰላም ሲሉ ኖሩ።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ ሲወርድ ባደረበት ጠዋት፣ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ወደቁ። ጎረቤታቸው እትዬ ጥሩነሽ ያገኟቸው እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ነው። የተቀዳ ነገር የለም። ወድቀው ምን ያህል እንደቆዩ፣ ጠርተውኝ እንደሆነ አላውቅም። ለቅሶው ላይ እትዬ ጥሩነሽ አጠገቤ ተቀምጠው፣ “ከማታው ጀምሮ አሟቸው ነበር እኮ፣ የኔታ እኔ ጋ ይደሩ ብላቸው፣ ልጄ ያየኛል፣ ምን እሆናለሁ ብለው እምቢ አሉኝ፤ አላየሃቸውም እንዴ?” አሉኝ።

“ኔትወርክ አልነበረም” አልሁ። ውሸቴን ነው፣ ያን ቀን ኔትወርኩ እንደ ጉድ ይሠራ ነበር።

አርባቸው ወጣ፣ ቤቱ ተቆለፈ፣ ካሜራው የራሱ ሲም ካርድ ስላለው ቤቱን ይጠብቅ ብዬ ተውሁት። በሳምንቱ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ፣ “ሰው ታይቷል።” ከፈትሁት፣ ባዶ ግቢ ነው። ሳጥኑን አየሁ፣ እንደተዘጋ ነው፣ ምልክቱ የመጣው ግን ከሳጥኑ ውስጥ ነው፣ ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል የሚያስረዳኝ ባለሙያ እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ሴንሰሩ ተበላሽቷል አልሁ፣ አዲስ ቀየርሁለት፣ በማግስቱም መጣ። እንግዲህ በደንብ ልየው ብዬ ያን ባለ ስድስቱን ሌንስ ገጠምሁ፣ አባቴ በሕይወት ሳሉ የነፈግኋቸውን። በሦስተኛውም ቀን ስልኩ ጮኸ፣ ሌንሱ ጥርት አድርጎ ድንጋዩን ከነስንጥቁ አሳየኝ፣ ከድንጋዩ በላይ ማንም የለም።

በአራተኛው ቀን ራሴ ሄድሁ። ጎሕ ሲቀድ ዘንዘልማ ደርሼ በረንዳው ላይ፣ ካሜራው በማያየኝ በኩል ቆምሁ። ነጋ፣ ከመንገዱ የባጃጅ ድምፅ ይመጣል፣ የጎረቤት ጥጃ ይጮሃል። ከዚያ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። እመኑኝ፣ እንጨት በድንጋይ ላይ ነው፣ ይህን ድምፅ አልስተውም። ሰው የለም። የካሜራው ቀይ መብራት በራች፣ ስልኬ እጄ ላይ ነዘረ፣ መብራቷ ጠፋች። አንድ ሰው መልስ እስኪያገኝ የሚጠብቀውን ያህል ቆይታ እንደገና በራች፣ ጠፋች፣ ቆየች። ሦስተኛ በራች። መቁጠር አላስፈለገኝም፣ አካሄዱን አውቀዋለሁ፣ እንደምን አደርህ፣ ልጆች፣ ሥራ። ከኔ የሚጠበቀው “እግዚአብሔር ይመስገን” ማለት ብቻ ነበር፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳላስበው ከአፌ የሚወጣ ነገር ነው። አልወጣም። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽም፣ ግን ከፍርሃቱ ይልቅ አፍሬ ነበር። አራተኛ በርታ ጠፋች፣ ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

እትዬ ጥሩነሽ ከአጥሩ ማዶ ነጠላቸውን እንደተከናነቡ ቆመው ነበር። “መለስህላቸው?” አሉኝ። ምን እንደሰሙ አልጠየቅኋቸውም። ስልኬ ላይ ሳቀረቅር ጊዜ “አየ ልጄ” ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ያን ዕለት እዚያው በረንዳ ላይ ሆኜ ሳጥኑን ከፈትሁት፣ ድምፅ ማጉያውንም አበራሁት። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ተነሥቼ፣ ስልኬን ይዤ፣ መልሴን አዘጋጅቼ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን እንኳ ጮኾ አያውቅም። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ የትኛው ሌንስ ይሻላል ሲለኝ፣ “ማንን ልታይበት ነው?” እለዋለሁ፣ ግራ ገብቶት ያየኛል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የካሜራው የይለፍ ቁጥር ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው፣ ለሚስቴም አልሰጠኋትም፣ ሁለቴም ቀይሬዋለሁ። ማታ ሳልተኛ ሳጥኑን እከፍተዋለሁ፣ መከፈቱን ደጋግሜ አያለሁ። ጠዋት ስነሣ ተዘግቶ አገኘዋለሁ።